የተከለከለው እግር

ጁዶ ካታሜ-ኖ-ካታ የሚባል የመሬት ትግል ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው 15 ስልቶችን በተወሰነላቸው ቅደም ተከተል፣ ያለ አንዳች ችኮላ ያሳያሉ፤ አምስት መጫኛ፣ አምስት ማነቂያ፣ አምስት የመገጣጠሚያ ቁልፍ። የመጨረሻው ስልት አሺ-ጋራሚ ይባላል። አሳዪው ከባላንጣው ሥር ገብቶ በገዛ እግሩ የባላንጣውን እግር ይጠመጥምና ጉልበቱን እስከ ጥግ ያስጨንቀዋል። ይህንኑ ስልት በውድድር ላይ የሞከረ የጁዶ ታጋይ ግን ወዲያው ከጨዋታ ይሰረዛል። በሥርዓቱ ይማሩታል፣ በውድድሩ ይከለክሉታል፤ ይህ ድርብ አቋም ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል።

ዛሬ በብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ የእግር ቁልፍ ሲነሣ ብዙ ወጣቶች ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ውስጥ የተፈለሰፈ ይመስላቸዋል። ስልቱ ግን በዕድሜ ከስፖርቱ ከራሱ ይበልጣል። በየዘመኑ የተለዋወጠው ሌላ ነው፤ ደንቡን ማን እንደጻፈው፣ ማን የማንን ትግል እንደናቀ፣ በኋላም እግር ከመስበር ይልቅ ሰውየውን አጥብቆ ስለመያዝ ማን እንደተጨነቀ።

ጂጎሮ ካኖ ኮዶካንን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ሲመሠርት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን የጥንት ጁጁትሱ ቤቶች ከጣት እስከ አንገት ሳይቆልፉ የሚያልፉት መገጣጠሚያ አልነበረም። ካኖ መምህር ነበር፤ ሕይወቱን በትምህርት አስተዳደር ያሳለፈ ሰው። የእርሱ ተማሪ ማታ ታግሎ ጠዋት በሁለት እግሩ ትምህርት ቤት መድረስ ነበረበት። ስለዚህ አደጋቸው የበዛውን ስልቶች ከነፃ ትግል እያወጣ ካታ በሚባለው በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚታይ ሥርዓት ውስጥ አስቀመጣቸው።

በዚያው ዘመን የፉሰን-ርዩ ቤት መምህር የነበረው ማታኤሞን ታናቤ በመሬት ትግል ስሙ ገንኖ ነበር። የኮዶካን ሰዎች ቆመው መጣልን አጥብቀው ሲለማመዱ፣ ታናቤ ራሱ ወደ መሬት ይወርድላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው የእርሱ ነው። የኮዶካኑ ታኪሳቡሮ ቶባሪ በታናቤ ተደጋግሞ ከተሸነፈ በኋላ ራሱም ፊቱን ወደ መሬት ትግል አዞረ። ስለ ታናቤና ስለ ኮዶካን የሚተረኩት ታሪኮች በሙሉ እኩል የሚታመኑ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ያበጡ ናቸው። ይሁንና ኮዶካን መሬት ላይ ክፍተት እንዳለበት የተማረው እንደ ታናቤ ካሉ ሰዎች መሆኑ ብዙ አያከራክርም።

ክልከላው በደረጃ መጣ። በ1899 ዳይ ኒፖን ቡቶኩካይ በተባለው የኪዮቶ ማኅበር ሥር፣ ካኖ በመራው ኮሚቴ የውድድር ደንብ ሲወጣ የጣት፣ የእጅ አንጓና የቁርጭምጭሚት ቁልፎች ቀሩ። በ1916 ተራው የአሺ-ጋራሚ ሆነ። በ1925 ደግሞ ከክርን በስተቀር ማንኛውንም መገጣጠሚያ መቆለፍ ከውድድር ወጣ። በዚህ መካከል የከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ1914 ጀምሮ በኪዮቶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ኮሰን በሚባለው ውድድራቸው ቀጥታ ወደ መሬት እየወረዱ መታገልን አዘውትረው ስለነበር፣ በ1925 የወጣው ደንብ የመሬት ትግልንም ጭምር ጠበብ አደረገው።

ካኖን በፈሪነት መክሰስ ግፍ ነው። ሐሳቡ ብዙ ሺህ ወጣት ሳይሰበር የሚታገልበት ስፖርት መፍጠር ነበር፤ ተሳክቶለታልም። ክልከላው ግን ማንም ያላሰበው መዘዝ ነበረው። አንድ ስልት ከውድድር ሲወጣ ማጥቂያው በካታም፣ በመምህሩ ትዝታም ሊቆይ ይችላል። ቶሎ የሚጠፋው መከላከያው ነው፤ በየቀኑ የማያጋጥመውን ነገር መከላከል የሚለማመድ ሰው የለምና። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች የእግር ቁልፍን የፈሩት አደገኛ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ማምለጫውን ስለማያውቁትም ጭምር ነው።

ሚትሱዮ ማኤዳ ከኮዶካን ወጥቶ በየአገሩ ከቦክሰኛም ከነፃ ትግለኛም ጋር ሲገጥም ከቆየ በኋላ በ1914 ብራዚል ገባ። በመጨረሻም በአማዞን ወንዝ መዳረሻ በምትገኘው በቤለም ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ካርሎስ ግሬሲ በወጣትነቱ በቤለም ከዚሁ ትምህርት ቀስሞ በ1925 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ታናሽ ወንድሙ ኤልዮም የቤቱ ዋና ተፋላሚ ሆነ።

በኋላ ብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ የተባለው የግሬሲዎች ትምህርት በቦታ አያያዝ ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ባላንጣህን ጣል፤ ጋርድ የሚባለውን የእግሮቹን አጥር እለፍ፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ተቀመጥ ወይም ጀርባውን ያዝ። ማነቅና ክርን መቆለፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። የእግር ቁልፍ ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሰዋል። ላይ ያለው ሰው እግር ለመቆለፍ ወደ ኋላ ሲወድቅ በብዙ ላብ ያገኘውን የበላይነት በገዛ እጁ ይለቃል። ቁልፉ ካልያዘለት ራሱን ከታች ያገኘዋል፤ ቡጢ በሚፈቀድበት ፍልሚያ ደግሞ ከታች መገኘት ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ስለዚህ የግሬሲዎች ጥርጣሬ ባዶ ትምክህት አልነበረም። ምክንያት ነበረው፤ ያም ምክንያት በዘመኑ ለነበረው የእግር ቁልፍ ትክክል ነበር።

የነጥብ አሰጣጡም ይህንኑ አጸና። ዛሬ በዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ ባላንጣውን የጣለ 2፣ ጋርዱን ያለፈ 3፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ወይም ጀርባ የያዘ 4 ነጥብ ያገኛል። የባላንጣውን እግር በእግሩ ጠልፎ ለያዘ ሰው ግን፣ አያያዙ የቱንም ያህል የጠነከረ ቢሆን፣ ነጥብ የለውም።

ጥርጣሬው ወደ ንቀት የተለወጠው በሪዮ የሰፈር ልዩነት ነው። ግሬሲዎች በመሀል ከተማ ባለገንዘቡንና ባለሥልጣኑን ያስተምሩ ነበር፤ ክፍያውም የዚያኑ ያህል። ኦስዋልዶ ፋዳ ደግሞ ቤንቶ ሪቤይሮ በተባለው የሰሜን ዳርቻ ሰፈር የድሃ ልጆችን በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ያስተምር ነበር። የፋዳ መምህር ሉዊስ ፍራንሳ ነው፤ ፍራንሳም ከማኤዳ እንደተማረ ይነገርለታል። ማለትም ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ነበሩ፤ አንዱ ግን በጋዜጣ ገነነ፣ ሌላው በሰፈሩ ቀረ።

በ1950ዎቹ ፋዳ የግሬሲን ትምህርት ቤት በጋዜጣ ጥሪ ለግጥሚያ ጠየቀ። የተጋጠሙት የሁለቱ ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ በአጠቃላይ ውጤቱም ድሉ የዳርቻው ልጆች ሆነ። ካሸነፉባቸው መሣሪያዎች አንዱ የእግር ቁልፍ ነበር። የፋዳ ተማሪዎች በግሬሲዎች ቤት ችላ የተባለውን ነገር በትጋት ሲለማመዱ ኖረው ነበርና ግጥሚያው ሲመጣ ዋጋቸውን አገኙ።

ከተሸነፉበት ስልት መማር አንድ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ስልቱን ማዋረድ ነው፤ በሪዮ ለረጅም ጊዜ የተመረጠውም ይኸው ሁለተኛው ሆነ። የእግር ቁልፍ «የዳርቻ ሰፈር ሰዎች ስልት» ተባለ። እግር የሚይዝ ታጋይ «ጫማ ሰፊ» የሚል ቅጽል ወጣለት። በአንዳንድ ልምምድ ቤቶች በልምምድ መሀል ቁርጭምጭሚት የያዘ ተማሪ እንደ ባለጌ ይታይ ነበር። የአንድን ድሃ ሰፈር ዕውቀት ስም በማጥፋት ማራቅ የጎዳው አራቂውን ነው፤ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የብራዚል ታላላቅ ሻምፒዮኖች በዓለም መድረክ ላይ እግራቸው ሲያዝ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሳያውቁ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋዳ በ2005 አረፈ። የትምህርት ሐረጉ ግን አልተቋረጠም፤ ኖቫ ኡኒያው የተባለውን ታዋቂ ቡድን ከአንድሬ ፔደርኔይራስ ጋር የመሠረተው ዌንዴል አሌሻንድሬ የመጣው ከፋዳ መስመር ነው።

በዚያችው በሪዮ ሌላም ባላንጣ ነበር። «ታቱ» በሚል ስም የሚታወቀው ኡክሊዴስ ሃቴም ሉታ ሊቭሬ የተባለውን ያለ ኪሞኖ የሚደረግ ትግል አቋቁሞ በ1942 ከግሬሲ ወንድማማቾች አንዱን ጆርጅን አሸነፈ። በኋላ ሮቤርቶ ሌይታዎ የሉታ ሊቭሬን የእግር ቁልፎች እንደ ትምህርት አደራጃቸው። ኪሞኖ የለበሰ ሰው አንገትና ክንድ ለመያዝ ኮሌታና እጅጌ አለው፤ ያለ ልብስ የሚታገል ሰው ግን በላብ የሚያዳልጥ ገላ ላይ የሚይዘው ሲፈልግ ተረከዝ ለእጅ የተሠራ መያዣ ሆኖ ያገኘዋል። በመስከረም 1991 የሁለቱ ወገኖች ተወካዮች በሪዮ ሲገጥሙ የጁ-ጂትሱ ሰዎች ሦስቱንም ፍልሚያ አሸነፉ፤ ድሉም የግሬሲዎችን ቅደም ተከተል እንደ ሃይማኖት አጸናው።

ከሪዮ እጅግ ርቆ ያው የኮዶካን ዕውቀት ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ በቶኪዮ የኦርቶዶክስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሩሲያዊ ሲሆን በ1911 ኮዶካን ገብቶ በ1913 ጥቁር ቀበቶ ታጠቀ። ወደ አገሩ ተመልሶ በቭላዲቮስቶክ፣ በኋላም በሞስኮ አስተማረ። የሶቪየት ሕዝቦችን ባህላዊ ትግሎችም እየጨመረበት ሄደ። በ1937 በስታሊን ዘመን በጃፓን ሰላይነት ተከሶ ታሰረ፤ በታሰረ በቀናት ውስጥም እስር ቤት ሞተ። ስፖርቱ በኅዳር 1938 በይፋ ሲታወቅ የመሥራቹ ስም አብሮ አልተነሣም። ያ ትግል ሳምቦ ነው።

የሳምቦ ደንብ የጁዶን ደንብ ገልብጦ የያዘ ይመስላል። በስፖርት ሳምቦ ማነቅ ክልክል ሲሆን ጉልበትን ቀጥ አድርጎ መቆለፍና ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት መጨፍለቅ ይፈቀዳል። ተረከዝ ይዞ ማዞር ግን አይፈቀድም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ስፖርቶች አንዱ አንገትን ፈቅዶ እግርን ከለከለ፤ ሌላው እግርን ፈቅዶ አንገትን ከለከለ። ሁለቱም ያስረዱት ደኅንነትን ጠቅሰው ነው። እንግዲህ አደገኛ የሚባለው ነገር በከፊል በሰው አካል፣ በከፊል ደግሞ በለመድነው የሚወሰን ነው። የሶቪየት ታጋዮች በ1962 ጀርመን ኤሰን ላይ በአውሮፓ የጁዶ ሻምፒዮና ብቅ ብለው ሁሉንም አስደነገጡ፤ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክም አራት የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ። እግር መቆለፍ እዚያ አልተፈቀደላቸውም፤ መሬት ላይ የነበራቸው ድፍረት ግን የሳምቦ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን አገር በዊጋን በኩል ያልፋል። በቢሊ ራይሊ ጂም የላንካሸር ትግል ይሰጥ ነበር፤ ጣትና ተረከዝ መጠምዘዝ በዚያ ዕለታዊ ሥራ ነው። በዚያ ቤት የሠለጠነው የቤልጂግ ተወላጅ ካርል ጎች ጃፓን ሄዶ ፕሮፌሽናል ትግለኞችን አስተማረ። ከዚህ ትምህርት የተጠቀሙት ማሳካትሱ ፉናኪና ሚኖሩ ሱዙኪ በ1993 ፓንክሬስ የተባለውን እውነተኛ ፍልሚያ የሚካሄድበትን ድርጅት አቋቋሙ፤ ኬን ሻምሮክ የተባለው አሜሪካዊም ከመጀመሪያዎቹ ተፋላሚዎቹ አንዱ ነበር።

በኅዳር 12 ቀን 1993 ዴንቨር ውስጥ ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው፣ ቡጢም ትግልም የሚፈቀድበት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ሻምሮክ ፓትሪክ ስሚዝን በሂል ሁክ፣ ማለትም ተረከዝ ይዞ በማዞር፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አሸነፈ። በዚያው ምሽት ሮይስ ግሬሲ ራሱን ሻምሮክን አንቆ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ዓለም ከዚያ ምሽት የያዘው የግሬሲን ማነቂያ ነው፤ በየአገሩ የተከፈቱት ጂሞች ሁሉ ያንን ለመማር ተሰለፉ። የስሚዝ ጉልበት የነገረው ታሪክ ግን ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ሂል ሁክ ለምን እንዲህ እንደሚፈራ ለመረዳት ጉልበትን ማወቅ ይጠይቃል። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ለመዘርጋትና ለመታጠፍ ተሠርቷል፣ ለመዞር የተተወለት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። አጥቂው የባላንጣውን ጭን በእግሮቹ አጥብቆ ይይዝና ተረከዙን በክርኑ ውስጥ አቅፎ በመላ ሰውነቱ ያዞረዋል። ተረከዙ እንደ መዘውር እጀታ ሆኖ የታችኛውን እግር ያዞራል፤ የላይኛው ግን ታስሯል። ኃይሉ መውጫ የሚያገኘው በጉልበት ጅማቶችና በመካከላቸው ባለው ልስልስ አጥንት ላይ ነው። ክርን ሲቆለፍ ሕመሙ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ሰውየው መታ መታ አድርጎ እጅ ለመስጠት ጊዜ አለው። ጉልበት ሲዞር ግን ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚመጣው ጅማቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ያልሠለጠነ ሰው ለማምለጥ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ራሱ ይሽከረከርና ጉዳቱን በገዛ ኃይሉ ይጨርሰዋል።

ፍርሃቱን ያባባሱ ሰዎችም ነበሩ። ብራዚላዊው ሩሲማር ፓልሃሬስ ባላንጣው እጅ ከሰጠ በኋላ ቶሎ አልለቀቀም ተብሎ በ2010 ለ90 ቀናት ታገደ፤ በ2013 ማይክ ፒርስን በሂል ሁክ ካሸነፈ በኋላም በተመሳሳይ ምክንያት ከዩ.ኤፍ.ሲ. ተሰናበተ። ችሎታው አጠያያቂ አልነበረም። ነገር ግን እጅ የሰጠን ሰው ወዲያው መልቀቅ የዚህ ስፖርት መሠረት ነው፤ ያ ከሌለ ማንም ከማንም ጋር መለማመድ አይችልም።

ለውጡን የጀመረው አንድ ጥያቄ ነው ይባላል። አሜሪካዊው ዲን ሊስተር በ1990ዎቹ መጨረሻ ማንሃተን ወደሚገኘው የሬንዞ ግሬሲ ጂም ለልምምድ ሲመጣ፣ በዚያ የሚያሠለጥነው ጆን ዳናኸር የእግር ቁልፍን ለምን እንደሚያዘወትር ጠየቀው። ሊስተርም የሰውን አካል ግማሹን ለምን ትተዋለህ ብሎ በጥያቄ መለሰለት። ይህን የሚተርከው ዳናኸር ራሱ ነው። ሊስተር ቆይቶ በ2003 ኤ.ዲ.ሲ.ሲ. በተባለው ያለ ኪሞኖ በሚካሄድ ታላቅ ውድድር ኪሎ ሳይለይ በሚደረገው ምድብ ሻምፒዮን ሆነ።

ዳናኸር ኒውዚላንድ ያደገ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ለማጥናት ኒው ዮርክ የመጣ ሰው ነው። የእርሱ አስተዋጽኦ አዲስ ማጠፊያ ወይም አዲስ ማዞሪያ መፍጠር አይደለም። የግሬሲዎችን የቆየ ተቃውሞ በቁም ነገር ተቀብሎ መልስ ፈለገለት። ተቃውሞው የእግር ቁልፍ ቦታ ያስለቅቃል የሚል ነበር። እንግዲያው የእግር ጥልፍልፉ ራሱ ጀርባ እንደመያዝ ያለ ቦታ ሊሆን ይገባዋል፤ ባላንጣው ሊነሣ፣ ሊዞር፣ ሊሸሽ የማይችልበት፣ አጥቂውም ሳይቸኩል የሚሠራበት ቦታ። ለዚህ ሲባል ትኩረቱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ዳሌ ወጣ። የባላንጣውን ጉልበት በሁለት ጭን መካከል አስገብቶ መቆለፍ፣ ነፃ የቀረውን ሁለተኛ እግሩን በእጅ መያዝ፣ ተረከዙ ከተደበቀ እስኪገለጥ ድረስ ከአንዱ ጥልፍልፍ ወደ ሌላው መሸጋገር፤ እያንዳንዱን ደረጃ ተማሪዎቹ ለብቻው አጥንተው ለብቻው ተለማመዱት። የአሮጌው ዘመን እግር ቆላፊ እግሩን አፍኖ በሙሉ ኃይሉ ይስባል፤ ወይ ይይዝለታል ወይ ያመልጠዋል። በማንሃተኑ ጂም ምድር ቤት ከዳናኸር የሚማር ሰው ግን መጀመሪያ ባላንጣውን ያስረዋል።

ኤዲ ከሚንግስ፣ ጋሪ ቶነንና ጎርደን ራያን የዚያ ምድር ቤት ፍሬዎች ናቸው። ትምህርታቸውን የሚያሳዩበት መድረክም በጊዜው መጣላቸው። ኤዲ ብራቮ በ2014 የጀመረው ኢ.ቢ.አይ. የተባለ ውድድር ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በመደበኛው ሰዓት የሚቆጠረው ባላንጣን እጅ ማሰጠት ብቻ ነበር፤ ሂል ሁክም የተፈቀደ ነበር። ወደ ኋላ የወደቀ ሰው የሚያጣው ነጥብ በሌለበት ቦታ የድሮው ስሌት ዋጋ አጣ። ከሚንግስና ጓደኞቹ በዚያ መድረክ ባላንጣዎቻቸውን በተከታታይ በእግር ሲጨርሱ፣ ተመልካቹ ያየው የደንብ ለውጥ ምን ያህል ዕውቀት ሊያወጣ እንደሚችል ነበር።

ይሁንና ታሪኩን ሁሉ ለአንድ ምድር ቤት መስጠት ልክ አይሆንም። ሁለቱም ታጋዮች እርስ በርስ አንዳንድ እግራቸውን እኩል የጠለፉበት ፊፍቲ-ፊፍቲ የተባለው ጋርድ ከዚያ በፊት በ2000ዎቹ መጨረሻ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይሠራበት ነበር። ራፋኤልና ጊልሄርሚ ሜንዴስ የተባሉት ብራዚላዊ ወንድማማቾች በኪሞኖ ውድድር ባላንጣን ከላይ ወደ ታች ለመገልበጫና ነጥብ ለመሰብሰቢያ ተጠቀሙበት፤ ተመልካቹም ጨዋታው ቆመ እያለ ያማርር ነበር። አሜሪካዊው ራያን ሆል ደግሞ ያንኑ ጋርድ ለሂል ሁክ ተጠቀመበት፤ በ2009 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው ኤ.ዲ.ሲ.ሲ. ነሐስ አገኘ። ሆል በታኅሣሥ 2018 በዩ.ኤፍ.ሲ. ቢ.ጄ. ፔንን ያሸነፈበት መንገድ ከጃፓናዊው ማሳካዙ ኢማናሪ የተወረሰ ነው፤ ከቆመበት በትከሻው ተንከባልሎ በባላንጣው እግሮች መካከል ይገባና ከመሬት ተረከዙን ያገኛል። ኢማናሪ በአገሩ የእግር ቁልፍ 10ኛ ዳን እየተባለ ይጠራል። ማለትም ኒው ዮርክ ሥርዓት ከመስጠቷ በፊት ጃፓን ውስጥ እሳቱ አልጠፋም ነበር።

ከሁሉም የበለጠ ሰውን ያሳመነው ግን በ2019 አናሃይም ካሊፎርኒያ በተካሄደው ኤ.ዲ.ሲ.ሲ. የሆነው ነው። አውስትራሊያዊው ላክላን ጋይልስ የተመዘገበው ከ77 ኪሎ በታች ነበር፤ በራሱ ምድብ ሜዳሊያ አላገኘም። በሙያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱንም የሠራው በጉልበት ሕመም ላይ ነው። ኪሎ ሳይለይ በሚደረገው ምድብ ሲገባ ብዙ የጠበቀበት ሰው አልነበረም። ከመሬት ሆኖ፣ ከፊፍቲ-ፊፍቲና ከእርሱ ጋር ከተያያዙ ጋርዶች እየተነሣ፣ የዚያን ዓመት ከ99 ኪሎ በላይ ሻምፒዮኑን ካይናን ዱዋርቴን፣ ከዚያ ፓትሪክ ጋውዲዮን፣ ለነሐሱ ደግሞ ማሃመድ አሊን በሂል ሁክ አሸነፈ። በመካከል የተሸነፈው በጎርደን ራያን ነው። የእግር ቁልፍ የሰነፍ አቋራጭ ነው የሚለው የድሮ ክስ ከዚያ በኋላ ብዙ አፍ አላገኘም። ሦስቱ ባላንጣዎች ከጋይልስ እጅግ ይከብዱ ነበር፤ እርሱ የበለጣቸው የት መያዝና መቼ ማዞር እንዳለበት በማወቁ ነው።

ዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽንም በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ ያላቸው አዋቂዎች ያለ ኪሞኖ በሚወዳደሩበት ጊዜ ሂል ሁክና የባላንጣን ጉልበት በእግር ወደ ውስጥ መጫን ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት እግርን በስሕተት በባላንጣ ጉልበት ላይ ማሳለፍ ብቻውን ከጨዋታ ያሰርዝ ነበር። በ2022ቱ ኤ.ዲ.ሲ.ሲ. ላስ ቬጋስ ላይ ጎርደን ራያን የከባድ ሚዛኑን ፍጻሜ የጨረሰው በሂል ሁክ ነው፤ ባላንጣው የቀድሞ የልምምድ ጓደኛው ኒክ ሮድሪገዝ ነበር።

ኪሞኖ በሚለበስበት ውድድር ግን ክልከላው እንዳለ ነው። ነጭ ቀበቶ ያለው አዋቂ ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ መቆለፍ ይችላል፤ ጉልበትን መዘርጋትና ጣትን መጠምዘዝ የሚፈቀዱት ከቡናማ ቀበቶ በኋላ ነው፤ ሂል ሁክ ለጥቁር ቀበቶም አይፈቀድም። በዚህም የተነሣ ብዙ ተማሪ የጉልበቱን ትልቁን አደጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘው ለዓመታት ከተለማመደ በኋላ፣ ጥንካሬውና ፍጥነቱ በጎለበተበት፣ ማምለጫውን ግን እንደ ጀማሪ በሚያውቅበት ሰዓት ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች ይህን ተቃውመው ጥልፍልፉንና ማምለጫውን ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምረው ያስተምራሉ፤ ተረከዙን ማዞር ግን ይከለክላሉ። ተማሪው እግሩ ሲያዝ የት መዞር እንዳለበት፣ መቼ ሳይታመም እጅ መስጠት እንዳለበት በእርጋታ ይለምዳል። በተለይ ያለ ኪሞኖ የሚወዳደር ሰው ለሚሰለጥንበት ጂም ይህ መንገድ የተሻለ ነው፤ ጉልበቱን ከሚጠብቁለት ጅማቶች አንዱ የተቆረጠበት ታጋይ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ወደ ምንጣፉ ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይጠብቃል።